ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ

ዶሚቲላ ከሴቶቹ ሽንት ቤት ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እጇን እንኳ አልታጠበችም። ባዛሩ ገና አልተከፈተም፤ በቆሎው ላይ የተኛው ጉምም ገና አልተነሣም። እኛ ሰው ተሳፍሮ የሚዞርበትን ትልቁን የመጫወቻ መንኮራኩር ግራሶ እየቀባን ነበር። እኔ ከላይ፣ ሰው የሚሳፈርበት አንዱ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጬ ቡሎን እፈትሻለሁ፤ አባቷ ዶን ኦዲሎን ከሥር፣ ሞተሩ አጠገብ ተንበርክኳል።

«አባዬ፣ አንዴ ና።»

«እጄ ግራሶ ነው፤ እዚያው ሆነሽ ተናገሪ።»

«ጮክ ብዬ የማወራው ነገር አይደለም።»

«እንግዲያው አታውሪው። ጮክ ብሎ የማይወራ ነገር በማለዳ ምን ያደርግልናል?»

እሷ ግን መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሹክ ብላ ነው የነገረችው፤ ሆኖም ብረት ወሬ ያሳልፋል፤ የመንኮራኩሩ ምሰሶ ከሥር የተባለውን ሁሉ እኔ ዘንድ ያደርሰዋል። እዚያ ላይ ብቻዬን መቀመጥ የምወደውም ለዚህ ነበር፤ ሰው ሳያየኝ ሰው እሰማለሁ፣ በቆሎው እስከ ሰማይ ጥግ ሲወዛወዝ አያለሁ፣ ባሕር ነው ብዬ ራሴን አታልላለሁ።

«በሩ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በእኛ ቋንቋ ወረቀት ለጥፈዋል» አለች። «‹ሰውን አስፈራርቶ በግድ የሚያሠራ እስከ ሃያ ዓመት ይታሰራል› ይላል። ስልክ ቁጥርም አለው።»

«ሃያ ዓመት!» ዶን ኦዲሎን በጥርሱ መሃል አፏጨ። «ለባዛሩ ጌታ ለሚስተር ዳርል ነዋ። እሱማ ሲያንሰው ነው።»

«ሌላም አለው።»

«ምን አለው?»

«‹ሰው ጥሎ እንዳይሄድ ፓስፖርቱን የያዘበት እስከ አምስት ዓመት።›»

ዶን ኦዲሎን መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። እጁ ግን ወደ አንገቱ ሄደ፤ ግራሶው ሸሚዙ ላይ እንደ ማኅተም ቀረ። እዚያ ሸሚዙ ሥር በክር የታሰረ ቁልፍ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የአሥራ ስንታችን ፓስፖርት ያለበት ሣጥን ከእሱ አልጋ ሥር ነበር።

የሣጥኑን ነገር ልንገራችሁ። አገራችን ሂካራል፣ ብርቱካኑ ከቤቱ የሚበዛበት ተራራ ላይ ነው፤ የቅዱስ ኢሲድሮ ማኅበር አለን። የማኅበሩ ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር አለው። አንዱ ቁልፍ በማኅበሩ ሙሴ እጅ ነው፤ ሁለተኛው ማኅበርተኛው የመረጠው ሰው ዘንድ ነው፤ ሦስተኛው ከማኅበሩ ውጭ ለሆነ ባለሥልጣን ይሰጣል፤ ቄስ ቢሆን፣ ዳኛ ቢሆን። ሦስቱ በየጓጉንቸራቸው ፊት ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ካልሆነ ሣጥኑ አይከፈትም። ሰው ብቻውን አይታመንም፤ ሦስት ሰው ግን እርስ በርሱ ይተፋፈራል። ለወቅት ሥራ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰሜን የሚሄድ ቡድን ደግሞ እንደዚያው ባለ ሦስት ጓጉንቸር የሆነውን ትንሹን ሣጥን ከትንሹ የቅዱሱ ምስል ጋር ይዞ ይወጣል። በዚያ ዓመት ሙሴያችን ዶን ኦዲሎን ነበር። ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘው አበልጁ ፊደንሲዮ ነው።

በጸደይ፣ ገና እንደመጣን፣ ሚስተር ዳርል የላስቲክ ከረጢት ይዞ የምናድርበት ተጎታች ቤት ገባ። «ፓስፖርት፣ ፓስፖርት» አለ፤ ልክ ትኬት እንደሚሰበስብ። ደንግጠን እርስ በርሳችን ተያየን። ያን ጊዜ ዶን ኦዲሎን ብልኅ የመሰለ ሐሳብ መጣለት። ሣጥኑን አውጥቶ፣ «ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ አደራ የሚቀመጠው እዚህ ነው። ከዚህ ማንም ብቻውን አይወስድም» አለው። ሚስተር ዳርል ሦስቱን ጓጉንቸር አይቶ ሳቀ፤ ከረጢቱንም አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ፓስፖርቶቻችንን ሣጥኑ ውስጥ ከተትን፤ ተርፈን ነበር። ግን ዶን ኦዲሎን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ባርኔጣውን አወለቀና ሦስተኛውን ቁልፍ በሁለት እጁ ሰጠው። በዚያ አገር ቄስ አላወቅንም፣ ዳኛ አላወቅንም፤ ከእኛ በላይ ያለ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ነገሩ ለማናችንም ስሕተት አልመሰለንም። እኔማ እንዲያውም፣ አሁን ከቅዱሱ ጋር ተሳሰረ፣ ከእንግዲህ ያፍረናል ብዬ ነበር።

እሱ የሚያፍር ሰው አልነበረም። ከከተማ ከተማ ስንጓዝ ተጎታች ቤታችንን ከውጭ ይቆልፈዋል። ከባዛሩ አጥር አንድ ሰው ለብቻው ከወጣ፣ «ኢሚግሬሽን እደውላለሁ፤ አስፋልቱ ሳትደርሱ ይለቅሟችኋል» ይላል። ሂካራል ላይ እኛን የመለመለለት ወኪል የማን እናት የት ቤት እንደምትኖር ስለነገረው፣ ሲናደድ የእናቶቻችንን ስም እየጠራ ይሰድባል። ከሁሉ የከፋብን ይህ ነበር። ሰው ሲሰድብህ ስድብ ነው፤ የእናትህን ቤት በር ቀለም ከነገረህ ግን ሌላ ነገር ነው።

በሐምሌ የፊደንሲዮ እጅ በቅርጫቱ ማሰሪያ መሃል ተቀረቀረ። ሐኪም አላየውም። እጁ አብጦ እንደ ዳቦ ሆነ፤ አገሬ ልግባ አለ። እሱና ዶን ኦዲሎን ሣጥኑን አውጥተው፣ ባርኔጣ አውልቀው በየጓጉንቸራቸው ፊት ቆሙ። ሚስተር ዳርል በር ላይ ቆሞ ዐያቸው። «የእኔ ቁልፍ? ጠፋ። ቅዱሱን ጠይቁት» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

«መዶሻ ስጡኝ» አለ ፊደንሲዮ።

«አይሆንም!» ዶን ኦዲሎን ሣጥኑ ላይ ተኛበት። «የቅዱሱ ሣጥን በመዶሻ አይከፈትም። በአባቴ ዘመን የሰበረው ሰውዬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ቤቱን ጎርፍ ወሰደው፤ አውቃለሁ። ቤቱ እኮ ወንዝ ውስጥ ነበር፣ አበልጄ! ሣጥን ባይሰብርም ይወስደው ነበር።»

«አይሆንም አልኩህ።»

«ጅብ ዘንድ ሥጋ አደራ አስቀምጠው፣ አሁን ለሣጥኑ ያዝናሉ!» ፊደንሲዮ የቆሰለ እጁን አቅፎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በግራ እጁ ነበር የሚሠራው።

እንግዲህ ዶን ኦዲሎን አንገቱን የያዘው ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ታውሶት ይመስለኛል።

«ያ ወረቀት እኔን ነው የሚለው» አላት ልጁን።

«አይደለም፣ አባዬ።»

«አልጋዬ ሥር አይደል ያለው? ቁልፉ አንገቴ ላይ አይደል? ፊደንሲዮን አትሄድም ብዬ የከለከልኩት እኔ አይደለሁም? ዶሚቲላ፣ ያንን ወረቀት ማንም እንዳያየው። ሂጂ ቅደጂው።»

ዶሚቲላ ተነሣች። ቆማ መሬት መሬት አየች።

«ደውያለሁ» አለች።

«የት?»

«እዚያው። በትኬት ቆራጯ ልጅ ስልክ። የእኛን ቋንቋ የምታውቅ ሴትዮ አነሣችው። ዛሬውኑ እንመጣለን ብላለች።»

ዶን ኦዲሎን ጭንቅላቱን ሞተሩ ላይ አስደገፈ። «አሰርሽኝ» አለ። አልጮኸም። «የገዛ ልጄ አሰረችኝ።»

ጉሙ ከመነሣቱ በፊት ሚስተር ዳርል መጣ። እንዴት እንደሰማ አላወቅንም፤ ትኬት ቆራጯ አውርታ ይሆናል። ጠብ ሊያነሣ የመጣ አይመስልም ነበር፤ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ፣ እየተራመደ፣ እያፏጨ። ያን ጊዜ ነው በጣም የምንፈራው። እኔ ቅርጫቱ ውስጥ ዝቅ ብዬ ጉልበቴን አቀፍኩ።

ቋንቋችንን እንደ ሕፃን እየሰባበረ ነው የሚናገረው።

«ኦዲ። ሣጥን የማን?»

«የቅዱስ ኢሲድሮ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቅዱስ እስር ቤት አይገባም። ሣጥን የማን አልጋ ሥር?»

«የእኔ።»

«ቁልፍ የማን አንገት?»

ዶን ኦዲሎን የሸሚዙን ኮሌታ ገጠመ።

«አየህ። እኔ ፓስፖርት ነክቼ አላውቅም። በሕይወቴ። ፖሊስ ይመጣል፤ አንተ ‹ሁሉም የእኔ› ትላለህ። ቁልፍ ሦስቱም የአንተ። ገባህ?»

«ጌታዬ፣ አንዱን እኮ ለእርስዎ...»

«ለእኔ ምን?» ሚስተር ዳርል ቡናውን ፉት አለ። «ልጅህ ጎበዝ ልጅ። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፣ ከእኔ ጋር። በር ዘግተን። ፖሊስ እስኪሄድ። አንተ ጥሩ ትናገራለህ፣ እሷ ጥሩ ትወጣለች።»

ዶሚቲላን ክንዷን ያዛት። ጠበቅ አላደረጋትም፤ እንደ ዘመድ ነው የያዛት። እሷ አባቷን አየችው፤ እሱ መሬት አየ። ሄዱ። ጥቂት ሄዶ ሚስተር ዳርል ቀና አለና እኔን አየኝ።

«አንተ፣ ላይ! ቡሎን ጠበቀ?»

«ጠብቋል፣ ጌታዬ።»

«አፍህንም አጥብቅ።»

የቢሮው ነጭ ተጎታች በር ሲዘጋ ሰማሁት። መጋረጃው ወረደ።

ባዛሩ ተከፈተ። ሙዚቃው ተለቀቀ፤ የተጠበሰ ሊጥና የስኳር ሽታ አየሩን ሞላው፤ የአዮዋ ገበሬዎች ሕፃናቶቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ገቡ። ለእነሱ ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ፀሐይዋም ለእነሱ የወጣች ትመስል ነበር። ዶን ኦዲሎን ሰው ያሳፍራል፣ መንኮራኩሩን ያዞራል፣ ያቆማል፣ ያወርዳል። ዓይኑ ግን ከዚያ ነጭ በር አልተነቀለም። አንዴ የቅርጫቱን መቀርቀሪያ ሳይዘጋ እጀታውን ሳበ። ውስጡ ሁለት ባለ ቀይ ፀጉር እኅትማማቾች ነበሩ። ሮጬ መቀርቀሪያውን በጉልበቴ ገፋሁት፤ ልጆቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ሳቁ።

ፊደንሲዮ ይህን አይቶ መጣ፤ የታሰረ እጁ ደረቱ ላይ ነው።

«ምነው አበልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ሕፃን ሊያበሩ ነው?»

«ተወኝ።»

«አሥራ ስንታችን ለእርስዎ አደራ ነን፤ የፈረንጁን ልጆች እንኳ ለነገ ይተዉልን።»

ዶን ኦዲሎን እንባው መጣ። ሰው ሁሉ እያየው፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ የወረቀቱን ነገርና ምን እንደታዘዘ በሹክሹክታ ነገረው። የፊደንሲዮ ሳቅ ባንዴ ጠፋ።

«ሁሉንም የእኔ ነው ሊሉ ነው?»

«ምን ላድርግ? ልጄ እዚያ ውስጥ ናት።»

«ያ ወረቀት የሚለውን ሰምተዋል። በግድ ማሠራት ሃያ ዓመት ነው፤ ሲወጡ ጥርስ አይኖርዎትም። የበቆሎ ቂጣ በምን ያኝካሉ?»

«አትቀልድ፣ ፊደንሲዮ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ስፈራ አፌ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያውቁኛል።»

ከሰዓት በኋላ ነው የመጡት። ሁለት የሸሪፍ፣ የወረዳው ፖሊስ፣ መኪኖች ሳይጮኹ በጀነሬተሩ በኩል ገቡ፤ ከኋላቸው ያለ ምልክት አንድ ሰማያዊ መኪና። ከሰማያዊው አንዲት አጭር ሴት ወረደች፤ ሸራ ጫማ ያደረገች፤ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ ወረቀት ይዛ። የፍርድ ቤት ማዘዣ ነው አለች። መርማሪ ኬሳዳ እባላለሁ አለች። በእኛው ቋንቋ ነው፤ የድንበር አካባቢ ሰዎች እንደሚናገሩት ቃሉን እየቆረጠች። መንኮራኩሩን አስቆሙን፤ ተሳፋሪዎቹን አወረድን። ሁላችንንም ተጎታች ቤታችን ፊት ለፊት ሣሩ ላይ አሰለፉን። ሚስተር ዳርል ከቢሮው ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋው፤ እጁን አጣምሮ፣ ለሸሪፎቹ ስለ ሙቀቱ እያወራ መጣ። ከዚያ በጣቱ ዶን ኦዲሎንን አሳያቸው።

መርማሪዋ ሣጥኑን ራሷ ከአልጋው ሥር አውጥታ ሣሩ ላይ አኖረችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የእኔ» አለ ዶን ኦዲሎን። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ፓስፖርት።»

«የማን?»

«የእነሱ። የሁላቸውም።»

«ለምን እርስዎ ዘንድ ተቀመጠ?»

ዶን ኦዲሎን ወደ ነጩ በር አየ። «እኔ ስለያዝኩት» አለ።

መርማሪዋ ቀረብ አለችው። ለስለስ ብላ ነበር የምትናገረው፤ ይህም አስፈራኝ። «ዶን... ስምዎ ማን ነበር?»

«ኦዲሎን።»

«ዶን ኦዲሎን፣ የሚናገሩትን ያውቁታል? ሰውን ለማሠራት ብሎ ፓስፖርቱን መያዝ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። በማስፈራራት ማሠራት ከሆነ ደግሞ እስከ ሃያ። ጠበቃ እስኪመጣልዎ ዝም ማለት ይችላሉ። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። የእኔ ነው። ቁልፎቹም የእኔ ናቸው። ሦስቱም።» ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሚስተር ዳርል ከሸሪፉ ጀርባ ሆኖ ጭንቅላቱን በቀስታ ነቀነቀ፤ ትምህርቱን በቃሉ እንደወጣ ልጅ ነበር የሚያየው።

«እንግዲያው ይክፈቱልኝ» አለች መርማሪዋ።

ዶን ኦዲሎን ክሩን ከአንገቱ አወጣ። የቀኙን ጓጉንቸር ከፈተ። ከዚያ ቆመ። እጁ መሃሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ሌሎቹስ?»

«ጠፉ።»

«ሁለቱም?»

«አዎ... ጠፉብኝ።»

ያን ጊዜ ፊደንሲዮ ከሰልፉ ወጣ። አንዱ ሸሪፍ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ ፊደንሲዮም ፈርቶ የታሰረ እጁን ወደ ላይ አነሣ። በግራው ግን ከጫማው ውስጥ ቁልፍ አወጣ።

«አበልጄ ውሸታም ነው» አለ። «ክርስትና ስናነሣ ጊዜም ጠበሉ አይቀዘቅዝም ብሎ ዋሽቶን ሕፃኑ ሲጮኽ ዋለ። ይህ ቁልፍ የእኔ ነው፤ ማንም አልጠፋበትም።» ግራው ጓጉንቸር ዘንድ ሄዶ ከፈተ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ባርኔጣውን አውልቆ በቦታው ቆመ። ዶን ኦዲሎንም ሳያስበው አወለቀ። ሁለቱ በሣጥኑ ግራና ቀኝ ቆሙ፤ መሃሉ ባዶ ነው። እኛም ባርኔጣችንን አወለቅን፤ ምን ማድረግ እንዳለብን ስላላወቅን ያደግንበትን አደረግን።

መርማሪዋ ባዶውን ቦታ ዐየች። ከዚያ ፊታችንን በየተራ ዐየች። ሚስተር ዳርል ሳል ሳለ። እናቴ የምትኖርበት ቤት በር ሰማያዊ ነው፤ እሱም ያውቀዋል፤ በዓይኖቼ ፊት የነበረው ያ በር ብቻ ነው።

«ሦስተኛው ማን ነው የሚቆመው?» አለች።

ዶን ኦዲሎን ከንፈሩን ነከሰ። አየሁት፤ ቢሞትም አይናገርም። ለምን እንደማይናገር ደግሞ እሷ አታውቅም።

«ልጁ ቢሮ ውስጥ ናት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው ድምፅ ነበር። ምላሴ ደርቆ ቃሉ ተቆራርጦ ነው የወጣው። «ዶሚቲላ። ከጠዋት ጀምሮ። በር ተዘግቶ።»

ሚስተር ዳርል በራሱ ቋንቋ በፍጥነት አንድ ነገር ተናገረ፤ ሥራ እያገዘችኝ ነው ያለ ይመስለኛል። መርማሪዋ አልሰማችውም። ለሸሪፉ በአገጯ አመለከተችው፤ እሱም ወደ ነጩ ተጎታች ሄደ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን ከሚስተር ዳርል እስኪቀበሉ ድረስ ያለፈው ጊዜ አጭር ይሆናል፤ እኔ ግን ዶን ኦዲሎን በዚያች ጊዜ ውስጥ ሲያረጅ አየሁት።

ዶሚቲላ ወጣች። በእግሯ ነው የወጣችው፤ ምንም አልሆነችም፤ ፀሐዩ ዓይኗን ወግቷት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። አባቷን ስታይ ሮጠች። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱ ግን በግራሶ እንዳያቆሽሻት እጆቹን አየር ላይ ከፍቶ ቀረ።

«ነካሽ?»

«አልነካኝም። በሩን ብቻ ነው የዘጋብኝ።»

ዶን ኦዲሎን ያን ጊዜ ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«ዋሽቻለሁ፣ እመቤቴ። ሦስተኛው የእሱ ነው። በሁለት እጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ለእሱ ሰጠሁት።»

«ማንም ሳያስገድድዎ?»

«ማንም።»

«ለምን?»

«ሦስተኛው ቁልፍ ከማኅበሩ በላይ ለሆነ ሰው ነው የሚሰጠው። በላያችን የነበረው እሱ ነበር።»

መርማሪዋ ቃሉን ጻፈችው። ከዚያ ማዘዣውን ለሸሪፎቹ ሰጠቻቸው፤ ቢሮውን ፈተሹ። ቁልፉ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ፣ ባዛርተኛው ጥሎት ከሄደው የሕፃን ጫማና የፀሐይ መነጽር ጋር ተገኘ። ሚስተር ዳርል አልደበቀውም ነበር፤ መደበቅ እስኪያስፈልገው ድረስ ቆጥሮን አያውቅም።

መርማሪዋ ቁልፉን ለዶን ኦዲሎን ዘረጋችለት። እሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንድ ሰው ሁለት አይከፍትም» አለ። «እርስዎ ባለሥልጣን ነዎት።»

«እኔ የማንም ባለቤት አይደለሁም፣ ዶን ኦዲሎን።»

«ለዚያ ነው እኮ» አለ ፊደንሲዮ፣ ባርኔጣውን ሆዱ ላይ ይዞ። «የሚቆም ሰው ይቁምና ይገላግለን፤ እጄ አመመኝ።»

ጓንት አድርጋ መሃሉ ላይ ቆመች። መነጽሯን ከፀጉሯ አወረደች፤ እንደ ባርኔጣ መሆኑ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ትንሹ ቅዱስ በፓስፖርቶቻችን ላይ በጀርባው ተኝቶ አገኘነው። አንድ በአንድ ፎቶ አነሷቸው፤ ስማችንን እየጠሩ ሰጡን። ፊደንሲዮ የራሱን ተቀብሎ በጥርሱ ነከሰው፤ በታሰረ እጁ ስለማይዘው ነው፤ ግን የሚበላው ይመስል ነበር።

ሚስተር ዳርልን በካቴና አስረው ከሸሪፉ መኪና ኋላ አስገቡት። በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ እያንዳንዳችንን ዐየን። ምንም አላለም። አፉን ከፍቶ ከሚሰድበን ያ ዝምታ ባሰብኝ። ወኪሉ አሁንም ሂካራል ነው ያለው፤ በሮቻችንም አሁንም ቀለማቸው ያው ነው። የወኪሉን ነገር ስንነግራት መርማሪዋ ለዚያ አገር ፖሊስ እንደውላለን አለች። እኛ አንገታችንን ነቀነቅን። ማመን ሌላ ነገር ነው።

«ዶን ኦዲሎን ከእኔ ጋር ወደ ከተማ ይመጣሉ» አለች። «ቃልዎን መስጠት አለብዎ። ኋላም ፍርድ ቤት፣ እሱ ባለበት።»

«እሱ ባለበት?»

«አዎ። ተቀምጦ ይሰማዎታል።»

ዶን ኦዲሎን ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስበው የነበረውን ነገር አሁን ጠየቀ።

«እኔስ ስንት ዓመት ነው?»

«ያንን የሚያየው ዐቃቤ ሕግ ነው። እኔ ቃል ልገባልዎ አልችልም። ሕጉ የሚጠይቀው ለምን እንደያዙት ነው። ሰውን ሊያሠሩበት ነው ወይስ ሊጠብቁለት?»

«ልጠብቅ ነበር» አለ። ከዚያ ፊደንሲዮን ዐየውና ድምፁ ወረደ። «ግን አበልጄ ልሂድ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ልስበረው ብሎኝ ነበር። እጁ እንደዚያ ሆኖ። እኔ ላዩ ላይ ተኛሁበት።»

ፊደንሲዮ የሚለው ነገር ያለው መሰለኝ፤ አፉን ከፈተ፤ ያ የማያርፍ አፉ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላወጣም።

«ያንንም ይነግሩናል» አለች መርማሪዋ። «ልጅዎ አብራ ትምጣ።»

ዶን ኦዲሎን ወደ ሰማያዊው መኪና ሄደ። ወደ ኋለኛው በር ነበር የሄደው፤ ዳርል የገባበት ዓይነት በር። መርማሪዋ ጠርታ የፊተኛውን ከፈተችለት። ዶሚቲላ ከኋላ ገባች። እሱ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት እጁን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ የበሩን እጀታ ከውስጥ እየዳበሰ ነው። ሳበው። በሩ ተከፈተ፤ ከውጭ አልተቆለፈበትም። ጥቂት ክፍት አድርጎ ያዘው፤ ሣሩን ዐየ፣ እኛን ዐየ። ከዚያ በገዛ እጁ መልሶ ዘጋው።